ላይ ቤት የተነሳበት ቅዳሜ

«ልጄ፣ ይሄ መኪና እየሄደ ነው ወይስ ቆሟል?» አሉ ግራዝማች ተክለ ጻድቅ።

«እየሄደ ነው አባባ።»

ውሸቷን ነው። ከኤቨረት ተነስተው ሊንውድን እስኪያልፉ ድረስ ማንአልሞሽ በአይ ፋይቭ አውራ ጎዳና ስትሸመጥጥ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ፊት ለፊት መኪና ተጋጭቶ መንገዱ ጥቅጥቅ አለ። የጥቅምት ዝናብ መስታወቱን ይደበድባል። ስብሰባው ስምንት ሰዓት ላይ ይጀመራል፤ እነዚያ ሽማግሌዎች ደግሞ ሰዓት ሲደርስ ማንንም አይጠብቁም። አንድ ሙሉ አውቶብስ ሰው በሰዓቱ ስታደርስ የምትውል የከተማ ሾፌር፣ ዛሬ አንድ ሽማግሌ በሰዓቱ ማድረስ አቃታት።

ግራዝማች ግን ምንም አልመሰላቸውም። ዘጠና ዓመት ካለፋቸው ቆይተዋል። ከሱፋቸው ላይ ጥቁር ካባቸውን ደርበው፣ ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ከዘራቸውን በሁለት ጉልበታቸው መሃል ይዘው ዝናቡን ያያሉ። በዚያ ሁሉ መኪና መሃል ካባ ለብሶ የደህንነት ቀበቶ ያሰረ ሰው እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም።

የሚሄዱበት ነገር ለማያውቅ ሰው ቀልድ ይመስላል። ሬኒየር ቫሊ ያለው የመረዳጃ እድራቸው፣ እንደ አገር፣ ሁለት ምክር ቤት አለው። ታች ቤት የሚባለውን አባላቱ በየጊዜው ይመርጡታል፤ ሰብሳቢዋም ይቺው ማንአልሞሽ ናት። ላይ ቤት የሚባለውን ግን ማንም መርጦት አያውቅም። ግራዝማችን ጨምሮ ሰባት ሽማግሌዎች ናቸው፣ የተሾሙትም ለዕድሜ ልክ ነው፤ አንዱ ሲሞት የቀሩት ደስ ያላቸውን ሰው ጠርተው በወንበሩ ያስቀምጡታል። ታች ቤት ያወጣውን ሕግ ላይ ቤት ካላጸደቀው ሕጉ እዚያው ዘጭ ይላል። በጉባኤ ላይ «የተከበሩ» ሳይባል ስማቸው አይጠራም፤ የተከበሩ አቶ አዲስአለም፣ የተከበሩ አቶ ወልደ ሥላሴ። አንዱ ዕድሜውን ሙሉ ታክሲ የነዳ፣ ሌላው ኤርፖርት ሻንጣ ሲገፋ የኖረ ሰው ነው። እዚያች ወንበር ላይ ሲሰየሙ ግን አቀማመጣቸው ራሱ ይለወጣል። ማንአልሞሽ ይህን ስታይ በሆዷ ትስቃለች፣ ደግሞም ትወዳቸዋለች።

ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጡት እኚሁ አጠገቧ የተቀመጡት ሰውዬ ናቸው። ግራዝማች በጃንሆይ ጊዜ አራት ኪሎ፣ ፓርላማው ውስጥ፣ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት በር ላይ አስተናባሪ ነበሩ። ራሶቹና ደጃዝማቾቹ ሲገቡ ስማቸውን ከነማዕረጋቸው ጮክ ብለው የሚጠሩ፣ ኮፍያና ከዘራ የሚቀበሉ፣ ወንበር የሚያሳዩ እሳቸው ናቸው። እነዚያንም ጌቶች ሕዝብ አልመረጣቸውም፤ ጃንሆይ ናቸው የሾሟቸው። ከዓመታት በኋላ ሲያትል ላይ እድር ሲቋቋምና «ግራዝማች፣ ደንብ ያውጡልን» ሲባሉ የሚያውቁትን አወጡ። ሌላ የት አይተው? በላይ ቤት እጅ ማውጣት እንኳ የለም፤ እጅ የሚያወጣ ተማሪ ነው አሉ። የተስማማ ከወንበሩ ይነሳል፣ ያልተስማማ ተቀምጦ ይቀራል። ደንቡን ራሱን ለመለወጥ ደግሞ ከመጡት ሽማግሌዎች አንድም ሳይቀር መነሳት አለበት። ሰብሳቢው ሁሉም መቆማቸውን ሲያዩ ግራዝማች ከአገር ይዘዋት የመጡትን የናስ ደወል ይመታሉ፤ በቃ፣ ሕግ ሆነ ማለት ነው።

የዛሬው ጉዳይ ይኸው ደንብ ነው። ታች ቤት ሁለት ነገር ጠይቋል፤ ላይ ቤትም በምርጫ ይሁን፣ ሰው ሲሞት ደግሞ እድሩ የላይ ቤትን ቃል ሳይጠብቅ ይንቀሳቀስ።

«አባባ» አለች ማንአልሞሽ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ። «ሶ፣ ዛሬ ይነሳሉ ወይስ ይቀመጣሉ?»

«እዚያ ስደርስ አይሻልም?»

ከሳምንት በፊት ስትለምናቸውም የመለሱት ይህንኑ ነበር። ዓመት ሙሉ በሕመም ምክንያት ስብሰባ አልመጡም፤ ዛሬ እንዲመጡ ያሳመነቻቸው ሌሎቹ ሽማግሌዎች ከእሳቸው ቃል አይወጡም ብላ ነው። ግን እሳቸው ራሳቸው ምን እንደሚሉ አታውቅም። የገዛ እጃቸውን ሥራ ነው ያፍርሱ የምትላቸው።

ይህን ሁሉ የምትደክመው ለሳቢራ ነው፤ እውነቱ ይነገር ከተባለ ለራሷም ነው። ሳቢራና እሷ ወደዚህ አገር የመጡ ሰሞን በአንድ አፓርታማ፣ ፊት ለፊት በር ነበር የሚኖሩት። አንዷ ማታ ሥራ ስትገባ ሌላዋ የሁለቱንም ልጆች እያስተኛች ነው ልጅ ያሳደጉት። የማንአልሞሽ ባል የሞተ ጊዜ በፍልሰታ ለቀስተኛውን የጾም ምግብ ሠርታ ስታበላ የሰነበተችው ሳቢራ ናት፤ ወንበር ስትዘረጋ፣ ወንበር ስታጥፍ። በእድሩ ውስጥ ሳቢራ ወንበር ያልዘረጋችበት ለቅሶ የለም።

ባለፈው ግንቦት የሳቢራ እናት፣ እማማ ሽቱ፣ ቅዳሜ ማታ አረፉ። በእስልምናው ደንብ ቀብር አይዘገይም፤ እሑድ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ እንዲቀበሩ ሆነ። የእድሩ ወንበርና ድስት ያለበት መጋዘን ግን ያለ ላይ ቤቱ ሰብሳቢ ቃል አይከፈትም። ሰብሳቢው አቶ አዲስአለም ደግሞ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ላይ ናቸው፤ ስልካቸው ተዘግቷል። ማንአልሞሽ ኮል ብታደርግ፣ ብታደርግ፣ ዝም። ከሰዓት በኋላ ከቅዳሴ ወጥተው ስልኩን ሲከፍቱ እማማ ሽቱ አፈር ለብሰዋል። ሳቢራ ቤት የመጣው ሰው ሁሉ ቆሞ ዋለ። አሮጊቶቹ ደረጃው ላይ ተቀመጡ፤ አንዳንዱም የሚያርፍበት ሲያጣ ቶሎ ተሰናብቶ ሄደ። ለሰው ሁሉ ወንበር የዘረጋች ሴት ለእናቷ ለቀስተኛ ወንበር አጣች።

ሳቢራ አልጮኸችም። ባሏ ሳሊሕ ተቆጣ እንጂ እሷ ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። ነገሩ ሲበርድ ለማንአልሞሽ አንድ ቀን እንዲህ አለቻት፤ «ማንዬ፣ ደንቡ ከተለወጠ እቆያለሁ። ካልተለወጠ ግን እኛ የራሳችንን እንመሠርታለን። ካንቺ ጋር ጠብ የለኝም እሺ?» ያቺ «ጠብ የለኝም» ናት ማንአልሞሽን የገደለቻት። ጠብ ቢሆን ይታረቁ ነበር። እድር ለይተው ግን ነገ እሷ ስትሞት ወንበር የሚዘረጋላት ማነው?

ኖርዝጌት መውጫ ላይ ሲደርሱ ማንአልሞሽ ወሰነች።

«አባባ፣ መኪናውን እዚህ ፓርክ አድርገን ባቡር እንያዝ። በዚህ መንገድ አንደርስም።»

«ኖርዝጌት ነው ይሄ?» አሉ ግራዝማች ቀና ብለው። «ሳቢራ የምትኖረው እዚህ አይደለም?»

«አዎ፣ ግን…»

«ውሰጅኝ። ለቅሶ አልደረስኳትም።»

«አባባ፣ ስብሰባው እኮ ሊጀመር ነው። ስንመለስ እንሄዳለን።»

«ግንቦት ላይ ሆስፒታል ነበርኩ፤ ይደነግጣል ብላችሁ ደበቃችሁኝ። አንቺ የነገርሽኝ ባለፈው ሳምንት ነው፣ ያውም ድምፄን ስለፈለግሽው።» በቁጣ አልነበረም፤ ዝም ብለው የሆነውን መናገራቸው ነው። «ስብሰባው ይቆይ።»

ማንአልሞሽ አፈረች። መሪዋን ወደ ሳቢራ ሰፈር አዞረች።

በሩን የከፈተችው የሳቢራ ልጅ ነጅዋ ናት። «ሺ ኢዝ ፕሬዪንግ» አለች፣ እናቷ ሶላት ላይ ናት ማለቷ ነው፤ ካባ የለበሱትን ሽማግሌ ስታይ ግን ደንግጣ ወንበር ልታመጣ ሮጠች። ወንበሩ መጣ፤ ግራዝማች አልተቀመጡበትም። ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ሳቢራ ሶላቷን እስክትጨርስ ሳሎኑ መሃል ቆመው ጠበቁ። ማንአልሞሽ ሰዓቷን ማየት ፈልጋ ተወችው።

ሳቢራ ወጣች። አየቻቸውና እዚያው በሩ ላይ ቀረች።

«አባባ፣ ምነው ቆሙ? ይቀመጡ እንጂ።»

«አልቀመጥም ልጄ። ያን ቀን ለቀስተኛው ቆሞ እንደዋለ ሰምቻለሁ። እኔም የመጣሁት ለዚያው ለቅሶ ነው፣ ቆሜ ነው የምደርሰው። እግዜር ያጽናሽ።»

ሳቢራ «አሚን» አለች። በሻሿ ጫፍ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ግንቦት ላይ ያላለቀሰችውን ነው አሁን ያለቀሰችው። ግራዝማችም አላባበሏትም፤ ለቅሶ የደረሰ ሰው እንደሚያደርገው አንገታቸውን ደፍተው ጠበቋት። ማንአልሞሽ ደግሞ ስለ ስብሰባው ስታስብ የቆየችበትን ልቧን ረገመችው።

ሲወጡ ሽማግሌው መለስ አሉ። «ሳቢራ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የባቡሩ ደረጃ አለ፣ የአዳራሹ ደረጃ አለ፤ ማንአልሞሽ ብቻዋን አትችለኝም። በአንድ ክንዴ ትይዥኛለሽ?»

ሳቢራ ነገሩ ገብቷታል። «እስከ በሩ ድረስ ነው አባባ። ውስጥ አልገባም።»

«በር ይበቃል። እኔም ድሮ የበር ሰው ነኝ።»

ባቡሩ ሙሉ ነበር። ፀጉሯን አረንጓዴ የተቀባች፣ አፍንጫዋን ሁለት ቦታ የተበሳች ወጣት ሽማግሌውን ስታይ ብድግ አለችና ቦታዋን ለቀቀችላቸው። ግራዝማች ከዘራቸውን ደረታቸው ላይ አስጠግተው፣ ጎንበስ ብለው፣ ጥርት ባለ አማርኛ «በእግዜር» አሏት። ልጅቷም ምንም ሳይገባት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች። ሳቢራ ሳቀች። ማንአልሞሽ የሳቢራን ሳቅ ከሰማች ወራት አልፈዋል።

«እዩ እንግዲህ» አሉ ግራዝማች ሲቀመጡ። «ማን አስተማራት? ኖር ማለት ቋንቋ አይፈልግም።»

ባቡሩ ምድር ውስጥ ገባ። ሽማግሌው በመስኮቱ ጨለማ ውስጥ የራሳቸውን ካባ አይተው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ማውራት ጀመሩ።

«ያንን የአራት ኪሎውን ቤት ወታደር ዘጋው ይባላል። በሩን የቆለፍኩት ግን እኔ ነኝ። መቶ አለቃው ቁልፉን አምጣ አለኝ፣ ሰጠሁት። ወንበሮቹ ባዶ ናቸው፤ ጌቶቹ አንዳንዱ ታስሯል፣ አንዳንዱ ተደብቋል። ደወሏን ካባዬ ውስጥ ይዤ ወጣሁ። ውጭ ሰው ይሄዳል፣ ይመጣል። አንድ ሰው እንኳ ቆም ብሎ አላየውም። አንዲት ሴትዮ ብቻ ሽንኩርት ተሸክማ ስታልፍ ‹ይሄ ቤት የምን ነበር?› አለችኝ። ያን ያህል ዓመት በሩ ላይ ቆሜ ስጣራ እሷ በዚያው ስታልፍ ነበር እኮ። የምን እንደሆነ አታውቅም። ማንም አላለቀሰለትም።»

«አንቱስ?» አለች ሳቢራ።

«እኔማ አለቀስኩ። እወደው ነበራ። ለዚህ አይደል እዚህ መጥቼ ያንኑ መልሼ የሠራሁት፣ ሞኙ።»

ማንአልሞሽ እጃቸውን ያዘች። ይነሳሉ ወይስ ይቀመጣሉ ብላ መጠየቋ አሁን ትንሽ አሳፈራት።

ሬኒየር ቫሊ ደርሰው፣ በዝናብ ያችን አንድ መንገድ ተሻግረው፣ የአዳራሹን ደረጃ አንድ ባንድ ወጡ። ግራዝማች በየደረጃው ያርፋሉ። ማንአልሞሽ ከበሩ ጀርባ የአቶ አዲስአለምን ድምፅ ሰማች።

«…ክርክሩ ተዘግቷል። የተከበራችሁ ሽማግሌዎች፣ በለውጡ የተስማማ ይነሳ።»

በበሩ መስታወት አየች። ሽማግሌዎቹ ነጭ ጨርቅ ከለበሰው ጠረጴዛ ጀርባ ተደርድረዋል፤ የታች ቤት ሰዎችና ተራው አባል አዳራሹን ሞልተውታል፤ የመጋዘኑ ወንበር ሁሉ ወጥቷል። አቶ ወልደ ሥላሴ ጠረጴዛውን ተደግፈው ከወንበራቸው ትንሽ ነቅነቅ አሉ፤ ግራ ቀኝ ሲያዩ ሌላ የተነሳ የለም። ተመልሰው ተቀመጡ። አቶ አዲስአለም አንገታቸውን እንደ ደፉ ደወሏን ከፊታቸው አነሱ። ሕግ ሲወድቅ ደወሏ አትመታም፤ ተገልብጣ ትቀመጣለች። ማንአልሞሽ ደወሏ ስትገለበጥ እያየች ሳቢራን ዞራ ለማየት አልደፈረችም።

ደወሏ ጠረጴዛውን ሳትነካ ግራዝማች በሩን በከዘራቸው ገፉት።

ወንበር ሁሉ ተንኳኳ። ሽማግሌዎቹ ግራዝማችን በአዳራሹ ካዩ ዓመት አልፏቸዋል፤ ያውም ከነካባቸው። ጠቅላላ ላይ ቤት፣ አቶ ወልደ ሥላሴ ሳይቀሩ፣ በአንድ ጊዜ ብድግ አለ። «ኖር!» «ኖር ግራዝማች!» የተሰበሰበውም ሰው አብሮ ተነሳ።

በደንቡ ከሆነ ግራዝማች «በእግዜር» ይላሉ፣ ሁሉም ይቀመጣል። ግራዝማች ግን አላሉም። የቆመውን ሽማግሌ ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብለው አዩት።

«የተከበሩ አቶ አዲስአለም፣ ምን ላይ ደርሳችሁ ነበር?»

«ለውጡ ላይ ግራዝማች። የተስማማ ይነሳ ብዬ ነበር።»

«ሁላችሁም ቆማችኋል።»

ከኋላ ረድፍ ሳቅ አፈነ አንድ ሰው። አቶ አዲስአለም ፊታቸው ቀላ። «የተነሳነው ለእርስዎ ነው እንጂ…»

«ለእኔ ከሆነ አያስፈልግም። እኔ ዛሬ በር ከፋች ነኝ፣ እንግዳ ይዤ ነው የመጣሁት።» ከበሩ ዘወር አሉ። ሳቢራ ቃሏን ጠብቃ ከበሩ መድረክ ወዲያ፣ ደረጃው ጫፍ ላይ ቆማለች። ግራዝማች ጀርባቸውን አቀኑ፤ ማንአልሞሽ ሰምታው በማታውቀው ድምፅ፣ በዚያ ባራት ኪሎው ድምፃቸው፣ አዳራሹን ሞልተው ጠሩ፤ «ወይዘሮ ሳቢራ፣ የእማማ ሽቱ ልጅ፣ ሐዘንተኛ!»

ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ።

«ኖር ያላችሁት ለእሷ ነው» አሉ በቀድሞ ድምፃቸው። «ተቀመጡ የምትላችሁም እሷ ናት።»

ያኔ ነው ለማንአልሞሽ ነገሩ የበራላት። ሳቢራ ዝም ብትል እነዚህ ሰዎች ቁጭ ማለት አይችሉም። ሐዘንተኛ ፊታቸው ቆማ፣ ግራዝማች ቆመው፣ ማን ደፍሮ ይቀመጣል? ከመጡት ሽማግሌዎች አንድም ሳይቀር ቆሟል። ደንቡ የሚለው ደግሞ ይህንኑ ነው፤ ለምን እንደቆሙ አይጠይቅም። ትንሽ ዝም ብትል፣ ትንሽ ብቻ፣ ደወሏ ትመታለች። ሳቢዬ፣ በናትሽ ዝም በይ፣ አለች በሆዷ።

አቶ አዲስአለም ሳቢራን አያዩም፤ ዓይናቸው ደወሏ ላይ ነው። የአቶ ወልደ ሥላሴ እጅ የወንበሩን መደገፊያ ይዞ ይንቀጠቀጣል፤ ክረምቱን ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ተደርገዋል። ሳቢራም እጃቸውን አየች።

«በአላህ ተቀመጡ አባቶቼ» አለች። «ሰው ቆሞ ሲውል አይቻለሁ። ይበቃኛል።»

ማንአልሞሽ ዓይኗን ጨፈነች። ወንበሮቹ ሲንቋቁ ሰማች። በቃ፣ አለቀ። የሚገርመው አልተናደደችም፤ ሳቢራ ሳቢራ ናት፣ ሽማግሌ ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ ቁም አትልም። እንዲህ ባትሆን መቼ እንዲህ ትወዳት ነበር? እንባዋን በመዳፏ ጠረገችና ዓይኗን ገለጠች።

አምስቱ ተቀምጠዋል። አቶ አዲስአለም አልተቀመጡም።

ሁሉም መቀመጥ የረሱ መስሎት ጠበቀ። አንዱ ሽማግሌ የኮታቸውን ጫፍ ሳብ አደረገ። እሳቸው ግን ደወሏን በሁለት እጃቸው ይዘው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቢራን ቀና ብለው አዩዋት። ግንቦት ላይ አበባ ልከዋል፤ ፊቷን ግን ሲሸሹ ነው የከረሙት፣ ገበያ ላይ ሲያዩዋት እንኳ መንገድ ይቀይራሉ።

«ሳቢራ፣ ያን እሑድ ስልኬ…» አሉና ቀሪውን ተዉት። «ቆሜያለሁ። ለእንግዳ አይደለም፣ ለለውጡ ነው። እንዲጻፍልኝ።»

ከአጠገባቸው ያሉት ሽማግሌ ትንሽ አሰቡና ተነሱ። ቀጥሎ ያሉትም። ሁለቱ የዳር ሰዎች እርስ በርስ ተያዩና አንዱ ሌላውን በክርኑ ጎሰም አድርጎ ተያይዘው ተነሱ። አቶ ወልደ ሥላሴ ብቻቸውን ቀሩ። መጀመሪያ የተነቃነቁት እሳቸው፣ አሁን ግን የቅድሙ መቆም አድክሟቸው ጠረጴዛውን ይዘው ይገፋሉ፣ አልሆነላቸውም።

«ጉልበቴ ነው እንጂ እኔ ድሮም ቆሜያለሁ» አሉ በንዴት። «ቆሟል ብላችሁ ያዙልኝ።»

«ደንቡ ይነሳ ነው የሚለው» አሉ ግራዝማች።

«ደንቡን ያወጡት እርስዎ አይደሉም?»

«ለዚያ ነው የማውቀው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሳቁ ገና ሳያልቅ ሳቢራ የበሩን መድረክ ተሻገረች። እስከ በሩ ነው ያለችው ሴት በሰዉ መሃል ቀጥ ብላ ሄዳ፣ ነጩን ጠረጴዛ ዞራ፣ ክንዷን በአቶ ወልደ ሥላሴ ብብት ሥር ሰደደች። «ይያዙኝ አባባ፣ በአንዴ ነው፣ ሆፕ» አለች፤ አነሳቻቸው። ሽማግሌው ትከሻዋን ተደግፈው ቆሙ፤ ትንሽ ሲተነፍሱ ቆዩና «አሁን ምታት፣ ሳልወድቅ» አሉ።

አቶ አዲስአለም ደወሏን መቱ።

ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንዳቀፈ አይታወቅም። ማንአልሞሽ ሳቢራ ጋ ስትደርስ የምትላት ጠፍቷት «ዝም ብለሽ ብታቆሚያቸው ኖሮ ያኔውኑ ያልፍ ነበር እኮ፣ አንቺ ሞኝ» አለቻት፤ ሳቢራም «አውቃለሁ» አለቻት፤ ሁለቱም ሳቁ። ማንአልሞሽ ይዛት መጥታ በሩ አጠገብ ካለችው አንዲት ባዶ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት።

አቶ አዲስአለም ግራዝማችን ክንዳቸውን ይዘው ወደ ጠረጴዛው፣ ወደ መሃለኛው ከፍተኛ ወንበር ሊወስዷቸው ፈለጉ። ያ ወንበር እድሩ ከተመሠረተ ጀምሮ የእሳቸው ነው።

«የለም» አሉ ግራዝማች። «እሱ ከእንግዲህ የሚመረጥ ሰው ወንበር ነው። እኔ ሳልመረጥ በቂ ተቀምጬበታለሁ።» ከዘራቸውን እያስቀደሙ ወደ በሩ ተመለሱ። የሚቀመጡበት ፈልገው ግራ ቀኝ አዩ፤ ሁሉም ተይዟል። ከኤቨረት ጀምሮ የተጓዙበት ድካም አሁን እግራቸው ላይ ታየ።

ሳቢራ ብድግ አለች። ወንበሯን በእጇ እያመለከተች፣ ጎንበስ ብላ፣ «ኖር አባባ» አለች።

ግራዝማች ኮፍያቸውን አወለቁ። አየት አደረጓት።

«በእግዜር» አሉና ተቀመጡ።

ማንአልሞሽ ከግድግዳው ተደግፎ የቀረውን የመጨረሻውን የእድሩን ወንበር አመጣችና ከጎናቸው ለሳቢራ ዘረጋችላት።